በጣቷ ስር የቆየው ክፍል

ያን ሰሞን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ አንድ ረጅም ሳጥን ነበር። ሳጥኑ በአግድም የተጋደመ ነው፤ ውስጡ በመስመር ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ። አንዳንዴ እኛ የምንኖርበትን፣ በየመን ዓደን ከተማ ያለውን የማዓላ ሰፈር ዋና መንገድ ይመስለኛል፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ አሮጌ ፎቆች፣ በየፎቁ በረንዳ፣ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ። አንዳንዴ ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ የሚያድር መርከብ ይሆንብኛል። ነገሩ ግን መንገድም መርከብም አልነበረም። የአባቴ ላፕቶፕ ዲስክ ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምከፋፍለው እያሰብኩ ነበር የምውለው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። መምህራችን በሚቀጥለው ሴሚስተር የምንሠራው ሁሉ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሲስተም ስለሆነ፣ እያንዳንዳችን በየማሽናችን ላይ ጭነን እንድንመጣ ነገረን። ከመጫናችን በፊት ግን ዲስኩን እንዴት እንደምንከፍለው በወረቀት ሥለን እንድናሳየው ጠየቀን። ቤት የሚሠራ ሰው እንኳ መጀመሪያ ፕላን ያወጣል አይደል፣ አለን። ዲስክ ማለት ኮምፒውተሩ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሊከፋፈልም ይችላል። ከተከፋፈለ አንዱን ክፍል ጠርጎ አዲስ ነገር ማስገባት ይቻላል፤ ሌላው ክፍል ምንም ሳይሰማ እንዳለ ይቆያል።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ክፍል ሣለ። በመጀመሪያው ሲስተሙ ይኖራል። መካከለኛዋ ጠባብ ናት፤ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ሸክሙን ለጊዜው የሚያራግፍባት ናት። ሦስተኛው የባለቤቱ የግል ፋይሎች የሚቀመጡበት ሲሆን ስሙ «ቤት» ነው። ይህን ስም ስሰማ ደስ አለኝ። ደብተሬ ላይ ሦስቱን ክፍሎች በማስመሪያ ሠራኋቸው፤ መስመሩ ትንሽ ስለተንጋደደብኝ ገጹን ገልብጬ እንደገና ሠራሁት። መምህሩ ሲያየው «ይሄ ነው» እንዲለኝ በጣም እፈልግ ነበር።

ላፕቶፑ የአባቴ እንደነበር ተናግሬአለሁ። አባቴ ወደቡ ላይ ዕቃ ከሚያወርዱት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ላፕቶፑን የገዛው ሥራ ለቅቆ ወደ አገሩ ከሚሄድ የመርከብ ጸሐፊ ነው። ሲገዛው ሁላችንም ገርሞን ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ ደብዳቤም አይጽፍበት፣ ዜናም አያይበት። ለአንድ ነገር ብቻ ፈለገው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ፣ ምሳውን በልቶ፣ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ስር ይቀመጥና ልጅ ሆኖ ወሎ ውስጥ የተማራቸውን መንዙማዎች እያዜመ ይቀዳል። መጀመሪያ የሚቀዳው ለእናቱ ነበር፤ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይልክላት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላም መቅዳቱን አልተወም። ለማን እንደሚቀዳ ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ ታሞ ካረፈ በኋላ እናቴ ላፕቶፑን ከፍታ አታውቅም። ድምፁን ለመስማት ልቧ አልቻለም። ግን ዓርብ ዓርብ ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ክዳኑን ትወለውላለች። እንግዳ መጥቶ አጠገቡ ሻይ ሊያስቀምጥ ሲል «እዚያ ጋ አይደለም፣ እሱ አለ» ትላለች፤ የተኛ ሰው እንዳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ራሷ አንስታ ሰጠችኝ።

«ለትምህርትሽ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። እሱም ደስ ይለዋል» አለችኝ። «ግን እሱ ያለበትን እንዳትነኪ።»

እንግዲህ ጭንቀቴ ይህ ነበር። የላፕቶፑ ዲስክ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ትንሽ ነው፤ አሮጌውና ቀርፋፋው ሲስተም ይኖርበታል። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ አባቴ ይኖርበታል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ ማሽኑ ወዲያው ድርግም ይላል። የዓደን መብራት ደግሞ ሲመጣም ሲሄድም ማንንም አይጠይቅም።

የመጫኛውን ፍላሽ የሰጠችኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት። እሷ የራሷን በአንድ ከሰዓት ጭና ጨርሳ ነበር።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ ካፍቴሪያው ጥላ ስር ተቀምጠን። «ሲጠይቅሽ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ንኪው። ጥርግ ያደርግልሻል፣ ትገላገያለሽ።»

«የአባቴ ድምፅ አለበት።»

ጭማቂዋን መምጠጥ አቆመች። «አላህ ይርሐመው» አለች። ቀጥላም፣ «እኔ ጋ ትልቅ ዲስክ አለ። ገልብጪው፣ ስትጨርሺ ትመልሺዋለሽ» አለችኝ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ ማለት ይቻላል። እናቴ የደንበኛ ድራዕ እየሰፋች ነበር፤ ድራዕ የዓደን ሴቶች የሚለብሱት ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው። ወሬውን ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የማን ቤት?»

«የክፍሌ ልጅ ቤት። ጥሩ ልጅ ናት ኡሚ፣ ቤተሰቦቿም ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«የአባትሽ ድምፅ ሰው ቤት ሊያድር?»

«ፋይል እኮ ነው። ግልባጭ ነው።»

«ግልባጭም ቢሆን እሱ ነው። ወላሂ አይሆንም።» መኪናዋን መልሳ አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ እንደገና አቆመችው። «አባትሽ ሸይኽ ዑስማን ሰፈር ድረስ ሠርግ ተጠርቶ እንኳ በእግሩ ተመልሶ እዚሁ ነው ያደረው። ረስተሽው ነው?»

አልረሳሁትም። አባቴ ባሕሩን ተሻግሮ ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር። በየሰው ደጅ፣ በየመጋዘኑ ጥግ፣ በካርቶን ላይ ያደረበት ጊዜ ብዙ ነበር። በኋላ ቤት ተከራይቶ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ከዚያ ቤት ውጭ አላድርም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። እንደሱ ያሉ ሌሎች ሰዎችም አውቃለሁ፤ ግብዣው የፈለገውን ያህል ቢደምቅ ሲመሽ ጫማቸውን የሚፈልጉ። ስለዚህ እናቴ ያለችው ለሌላ ሰው ሊያስቅ ይችል ይሆናል፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ አባቴን ካለበት ሳላነሳ አጠገቡ ቦታ ማግኘት።

እናቴ ልብስ የምትቆርጥበት ቡናማ ወረቀት አላት። ከዳሩ ቀድጄ ሳጥኑን ሣልኩና በከለር እርሳስ ቀባሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አስረዳኋት። ቢጫው አሮጌው ሲስተም ያለበት ነው። ሰማያዊው የአባቴ ነው። የአባቴ ፋይሎች የያዙት እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ባዶ ነው።

«ይህ ሁሉ ባዶ ነው?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ባዶ ነው። ግድግዳውን ወደዚህ ብገፋው ለእኔ ሦስት ክፍል ይወጣኛል። መምህሩ እንዳለው ይሆናል።»

በመቀሷ ጫፍ መስመሩን ተከተለችው። «ግድግዳው ሲገፋ እሱ አይነቃነቅም?»

«አይነቃነቅም ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ ነው ወይስ አይነቃነቅም?»

አንብቤ እንደተረዳሁት፣ ሰፊ ክፍል ሲጠብ ማሽኑ እዚያ ያሉትን ፋይሎች እያነሳ ወደ አንድ ጥግ ሊሰበስባቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በደህና ያልቃል። መሐል ላይ መብራት ከተቋረጠ ግን ግማሹ ከቆመበት ተነስቶ፣ የሚሄድበት ሳይደርስ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ሙቀቱ ጣለኝና እዚያው ወለሉ ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነበርኩ። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ ስነካው እንደ መጋረጃ ይለሰልሳል። አባቴ በመጨረሻው ክፍል መስኮት ስር ተቀምጧል። እኔ ግድግዳውን በትከሻዬ እገፋለሁ። እሱ ምንም ሳይል እግሩን ይሰበስባል። እንደገና እገፋለሁ፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያቅፋል። «ግቢ፣ ግቢ፣ ይበቃናል» ይለኛል እየሳቀ፤ እኔም እገፋለሁ። ከዚያ ድንገት ጸጥታ ሆነ።

ስነቃ በላብ ተዘፍቄ ነበር። ጸጥ ያለው ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ነው። መብራት ሄዷል። ክንፎቹ በቀስታ ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ ከዚያ ሲቆሙ ተኝቼ አየኋቸው። መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ጄኔሬተራቸውን አንድ በአንድ ማስነሳት ጀመሩ። ዲስኩን እየከፋፈልኩ ቢሆን ኖሮ አባቴ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ነበር ብዬ አሰብኩ። ተነሳሁና ወረቀቱን ገለበጥኩት። በጀርባው ሰማያዊውን ክፍል እንደነበረ፣ አንድ ስንዝር ሳልነካ ሣልኩት። እኔ በቢጫው እገባለሁ። አሮጌው ሲስተም ይጠረግ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ሲስተሙም፣ ማራገፊያውም፣ «ቤት» የተባለውም አብረን እንኖራለን።

መምህሩ ፕላኔን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ።

«ሦስቱስ ክፍል የታል?»

«ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው ኡስታዝ።»

«ይጠብሻል። ያኛው ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን?»

«እዚያ ሰው አለ» አልኩት፤ ከአፌ ያመለጠኝ እንደ እናቴ ሆኖ ነው። ጆሮዬ ጋለ። እሱ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ትንሽ ሲያየው ቆየና «እንግዲያው በርሽን ለይተሽ እወቂ» አለኝ። «የምትጠርጊውን ስትመርጪ ቸኩለሽ የሌላውን እንዳትነኪ።» «ይሄ ነው» አላለኝም። እኔ ግን ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በሁለት እጄ ይዤ ነበር የወጣሁት።

ዓርብ ምሳ ሊበላ አጎቴ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከማዓላ ወደ ሸይኽ ዑስማን የሚመላለስ ባስ ይነዳል። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ነበር።

«ያ ዱክቶራ» አለኝ ሩዙን እየጠቀለለ፣ «ለአባትሽ ቀዶ ጥገና የምታደርጊለት መቼ ነው?»

«ምላስህን ሰብስብ!» አለች እናቴ።

«ምን አልኩ? ሐኪሟ እሷ፣ በሽተኛው ላፕቶፑ።»

«አባቴን አልነካውም» አልኩ። «ከጎኑ ያለውን ነው የምጠርገው። ግን እሱንም መሐል ላይ መብራት እንዳይጠፋ እፈራለሁ።»

«እና ፀሐይ ለምን ተፈጠረች?» አለ። «አል-ሚምዳራ፣ እኔ ቤት ነይ። ጣሪያዬ ላይ ሶላር አለ፣ ከስሩ ያን የሚያህል የመኪና ባትሪ። ከጠዋት እስከ ከሰዓቱ የዓስር ሶላት እንደ ባሕር ጸጥ ብሎ ይሠራል።»

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ብድግ ብላ ነበር፤ ቆመች። «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ከመግሪብ በፊት፣ ሳይመሽ ግን ቤታችን እንገባለን። ሦስታችንም።»

ሦስታችንም ያለችው እኔን፣ ራሷንና ላፕቶፑን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ገና ባልተሰፋ አረንጓዴ ጨርቅ ጠቀለለችውና ባሱ ውስጥ ከፊት ወንበር ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች። አጎቴ ሥራውን ስለማያስተጓጉል መንገድ ላይ ሰው እየጫነ ነበር የሚሄደው። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ጥቅሉን አይታ አንገቷን አሰገገች።

«ማሻአላህ፣ ኬክ ነው ያ ኻላ?»

«አይ» አለች እናቴ ፊቷን ሳታዞር፣ «ባሌ ነው።»

ሴትዮዋ ጠጋ ያለችውን ያህል ወደ ኋላ ሸሸች። አጎቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲስቅ መኪናው ተወላገደ፤ እናቴ ትከሻውን በጥፊ አለችው። በቀኝ በኩል ባሕሩ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ መርከቦቹ ከውሃው በላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። እኔ ፕላኔን በደረቴ ይዤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እያልኩ በልቤ እደጋግም ነበር።

የአጎቴ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ጋ ሄዳ ስለነበር ቤቱ ባዶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ወደ ላይ ሲሉት ቤቱ ከሶላሩ ይጠጣል፣ ወደ ታች ሲሉት ከከተማው መብራት። ያን ጊዜ ወደ ላይ ነበር። ማቀዝቀዣውን ነቀልን፤ ማራገቢያውን አጠፋን፤ ቴሌቪዥኑንም። ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ሰካሁና ማሽኑን አስነሳሁት።

ስክሪኑ ላይ ሳጥኑ ብቅ ሲል ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን በወረቀትና በሕልም ያየሁት ሳጥን ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የሱ የትኛው ነው?»

«ይሄ፣ ሰማያዊው።»

«ያንቺስ?»

«ቢጫው።»

እጇን ዘረጋችና ጠቋሚ ጣቷን ሰማያዊው ላይ አኖረች። ልትጠቁም መስሎኝ ነበር፤ ግን አላነሳችውም። በመርፌ የተወጋጋ ጣቷ ስክሪኑ ላይ እንዳለ «ቀጥዪ» አለችኝ። ንኪኪ የማይሰማ አሮጌ ስክሪን ስለሆነ የሚያመጣው ነገር የለም። ብትይዘውም ባትይዘውም ለውጥ እንደሌለው ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ጣቷ እዚያ መሆኑ ለእኔም ደስ አለኝ።

ቢጫውን መረጥኩ። ጥረግ የሚለው ምልክት ቢጫው ላይ ብቻ መሆኑን አየሁ። ወረቀቴን አየሁ። እንደገና ስክሪኑን አየሁ። «ቢስሚላህ» አልኩና ተጫንኩ።

ከዚያ ጠበቅን። ከታች አንዲት ቀጭን መስመር እየሞላች ትሄዳለች። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወረደብን። ከገበያው የዓሣ ሻጮች ጩኸት፣ የበረዶ መኪና ጥሩምባ፣ የሆነ ቦታ የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል። አጎቴ በሩ ላይ ተደግፎ ማንቀላፋት ጀመረ። እናቴም ዓይኗ ይከደናል፤ ጣቷ ግን አልተነሳም። ለእኔም ሁሉ ነገር ራቀብኝ፤ መስመሯ ውሃ የምትሞላ ትመስል ነበር፣ እኔም ከውሃው በታች ተቀምጬ ወደ ላይ የማያት።

ያኔ ነው ሰፈሩ በአንድ ጊዜ የጮኸው።

«ለሰት!»

በዓደን ይህችን ቃል የማያውቅ የለም። በራ፣ መብራት መጣ ማለት ናት። ልጆች ከየጣሪያው ያስተጋቧታል፣ ሴቶች በየመስኮቱ ይቀባበሏታል። ሲሰማት ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ውሃ መሳቢያው ዲናሞ መነሳት አለበት፣ ባትሪው መሞላት አለበት፣ ካውያው፣ ማጠቢያው፣ ስልኩ። መብራቱ መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ አይታወቅም። ማንም ቆሞ አያስብም፤ እግር ራሱ ነው የሚነሳው።

አጎቴ ዓይኑን እንኳ በደንብ ሳይገልጥ ከበሩ ተነሳ። እጁ ወደ ግድግዳው ማብሪያ ሲሄድ አየሁት።

«ያ ኻል! አትንካው!»

ቀጭ አለ።

ከላይ ወደ ታች ለመውረድ ማብሪያዋ የፈጀችው ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ለላፕቶፑ ግን ያችው በቃችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ሁሉን ነገር አስቤ ነበር፤ የመብራትን መሄድ፣ የፀሐይን መዋል፣ የባትሪውን አቅም። የመብራትን መምጣት ግን አላሰብኩም ነበር።

አጎቴ እጁ ማብሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። «ወላሂ ረሳሁት» አለ በቀጭን ድምፅ። «እጄ ነው። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።» ውጭ ሰፈሩ አሁንም በደስታ ይጮሃል፤ ዲናሞዎች ማጓራት ጀምረዋል።

እናቴ አልጮኸችም። ጣቷ የጠቆረው ስክሪን ላይ፣ ቅድም በነበረበት ቦታ ላይ እንዳለ ነበር።

«ሄደ?» አለችኝ።

«እኔ ቢጫው ላይ ብቻ ነበር የምጽፈው» አልኩ። «ሰማያዊው ላይ አልነበርኩም ኡሚ።»

«ሄደ ወይስ አልሄደም?»

እንደዚያን ቀን ኢንሻአላህ ልል አልፈለግሁም። «እንየው» አልኩ።

አጎቴ ማብሪያውን ወደ ሶላሩ መልሶ እዚያው አጠገቡ ቆመ፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ራሱን ከራሱ እጅ የሚጠብቅ ይመስል። ማሽኑን ከፍላሹ አስነሳሁት። ሲነሳ የሚወስደው ጊዜ እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። ሳጥኑ ተመልሶ መጣ። ቢጫው ክፍል ስም አልነበረውም፤ ያልታወቀ ይላል፤ ግማሽ የተሠራና ግማሽ የፈረሰ የእኔ ቤት። ከእናቴ ጣት በታች ያለው ግን ሰማያዊ ነው። ጣቷን ይዤ በቀስታ አነሳሁትና ክፍሉን ከፈትኩት። ፎልደሮቹ አባቴ በጻፈላቸው ስም ተደርድረው ነበር፤ «ለእናቴ»፣ «ጁምዓ»፣ «ዝናብ የዘነበ ቀን»።

«አለ» አልኩ።

«ስሙን እኔም አየሁት። እሱ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?» አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «አሰሚኝ።»

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን ጠይቃን አታውቅም። «ጁምዓ» ከሚለው አንዱን ነካሁ።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ መጣ። ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ። ከዚያ አባቴ። ድምፁ እኔ ከማስታውሰው ይቀጥናል፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ነፋሱም አብሮ ይሰማል፣ ከሩቅም የመርከብ ጥሩምባ። መንዙማውን ቀስ እያለ ያነሳዋል፣ አንድ ቦታ ይደክመዋል፣ ትንፋሽ ይስባል፣ ይቀጥላል። እናቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ከጨርቁ ስር ታዳምጥ ነበር። አጎቴ ተቀመጠ።

ግጥሙ ወደሚያልቅበት ሲደርስ፣ ድምፁም ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከላፕቶፑ ውስጥ ሰፈር በሙሉ ጮኸ።

«ለሰት!»

አባቴ ቃሉን መሐሉ ላይ ጣለው። ወንበሩ ሲወድቅ ሰማን። «ያ ሐጃ!» እያለ ይጮሃል፤ እናቴ ሐጅ አድርጋ አታውቅም፣ ሲያሾፍባት ነው እንዲህ የሚላት፤ «ያ ሐጃ፣ መጣ! ዲናሞውን! ዲናሞውን!» ባዶ እግሩ ኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ይሰማል። ከዚያ ማንም የለም። መቅጃውን የሚያጠፋ ሰው አልነበረምና ቀረጻው ቀጠለ፤ ባዶው ክፍል፣ ነፋሱ፣ ዲናሞው፣ በመጨረሻም ታንኪው ውስጥ የሚወርደው ውሃ።

እናቴ ሻርፗን ከፊቷ አነሳች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

«አየኸው?» አለችው አጎቴን። «እሱም እንዳንተ ነው። አላህን እያወደሰ እንኳ አላስቻለውም።»

«እንግዲያው ይቅር አልሽኝ?»

«ዝም በልና ስማ፤ ውሃው እየሞላ ነው።»

ውሃው እስኪሞላ ሰማን። ቢጫውን ክፍል እንደገና ከመጀመሬ በፊት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ቅድም ስክሪኑ የጠቆረ ጊዜ፣ አለችኝ፣ ጣቴ ባዶ ነገር ላይ ነው ያለው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ስልክህን አምጣ።»

«ለምን?»

«አንተ ጋ ይደር» አለች። «አንድ ቤት ብቻ አይበቃም። ቤትህን ግን ንጹሕ አድርግለት።»

አጎቴ ስልኩን በሁለት እጁ አቀበለኝ። የቻለውን ያህል ገለበጥኩለት። ከዚያ ሊኑክሱን እንደገና ጫንኩ። ሰፈሩ መብራት ነበረው፤ እኛ ግን እስከ መጨረሻው በፀሐይ ሠራን፤ አጎቴም ከማብሪያው በጣም ርቆ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀምጦ ነበር። ከመግሪብ በፊት ቤታችን ገባን።

አሁን የምጽፈው በዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ይጠበኛል፤ መምህሩ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ቦታ ሲሞላብኝ የራሴን ነገር እየመረጥኩ አጠፋለሁ፤ ሰማያዊው ከግድግዳው ማዶ እንዳለ ይቆያል።

በቀደም ከትምህርት ስመለስ የአጎቴ ባስ ላይ ተሳፈርኩ። ሊመሽ ሲል ነው፤ ማዓላ መብራት አልነበረውም፤ ፎቆቹ ጥቁር ሆነው በመስኮቱ ያልፋሉ። አጎቴ ስልኩን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ አባቴን ከፍቶታል። ተሳፋሪዎቹ አማርኛውን ባያውቁም ዜማው ገብቷቸው ጸጥ ብለዋል፤ አንድ ሽማግሌ ራሱን ያወዛውዛል። የሚመጣውን እኔና አጎቴ ብቻ እናውቃለን። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት።

«ለሰት!»

ባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንዷ ቦርሳዋን አንስታ ለመውረድ ብድግ አለች። «የት ነው የበራው?» አለ ሽማግሌው ጨለማውን በዓይኑ እየፈለገ። አባቴ በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ፤ ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ሴትዮዋም ቦርሳዋን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ በጨለማው መንገድ ላይ እየሄድን ሁላችንም ውሃው ታንኪው ውስጥ ሲወርድ እናዳምጥ ነበር።